ሁለት ነገር በአንድ ስም፦ የብየዳ ማሽን ኧርዝና የቤት ኧርዝ ያስነሱት ክርክር

በሰኔ ወር መጨረሻ፣ ቢሾፍቱ ለሚገኘው ቤቴ የግቢ በርና አራት የመስኮት ፍርግርግ በራሴ እጅ ለመሥራት ወስኜ፣ 200 አምፔር የሚል ጽሑፍ ያለበት አነስተኛ ኢንቨርተር የብየዳ ማሽን ገዛሁ። በረንዳው ላይ ካለው ሶኬት ሰክቼ ስሞክረው ኤሌክትሮዱ (እየቀለጠ ብረቱን የሚያያይዘው ቀጭን ዘንግ) ከቱቦላሬው (ውስጡ ክፍት ከሆነው የብረት ቱቦ) ጋር እየተጣበቀ አስቸገረኝ፤ ላጠፋው ጎንበስ ብዬ የማሽኑን የብረት አካል በባዶ እጄ ስነካ ደግሞ ቀለል አድርጎ ነዘረኝ። ቤቱ ሲሠራ የኧርዝ ሽቦ፣ ማለትም ከመሬት ጋር የሚያገናኝ መከላከያ ሽቦ፣ እንዳልተዘረጋለት አውቃለሁ። ስለዚህ በውይይት መድረኩ ላይ ሦስት ጥያቄዎችን ጻፍሁ፤ ንዝረቱ አደጋ አለው ወይ፣ ኧርዝ የሚባለው የማሽኑ መቆንጠጫ የሚበየደውን ብረት እስከ ያዘ ድረስ ሌላ ኧርዝ ያስፈልጋል ወይ፣ የቤቱስ መስመር ይህን ማሽን ይችላል ወይ? በሦስት ሳምንት ውስጥ 24 መልሶች መጡ። የተሳሳቱትንም ጭምር የምተርካቸው፣ ስሕተቶቹ የጥቂት ሰዎች ሳይሆኑ በየብረታ ብረት ቤቱ እንደ እውቀት የሚነገሩ በመሆናቸው ነው።

1ኛው መልስ የመጣው ከአንድ ወጣት በያጅ ነበር። ማሽን ሁሉ ትንሽ እንደሚነዝር፣ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ካደረግሁ የሚያሳስበኝ ነገር እንደሌለ፣ መቆንጠጫው ራሱ ኧርዝ ስለሆነ ሌላ ፍለጋ መድከም እንደሌለብኝ በትሕትና ነገረኝ። 2ኛው መልስ ሰጪ መርካቶ ምናለሽ ተራ አካባቢ ለረጅም ዓመታት የሠራ መሆኑን ጠቅሶ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ የቤት ኧርዝ የሚባል ነገር እንዳላየና ምንም እንዳልደረሰበት በመመስከር የመጀመሪያውን ደገፈ። 3ኛው ግን ንዝረቱን ማጥፋት እንደሚቻል ገልጾ፣ ከማሽኑ አካል አጭር ሽቦ አውጥቼ በስፒናው ውስጥ ከኒውትራሉ (ኮረንቲው ከሚመለስበት መስመር) ጋር እንዳስረው መከረኝ። እውነቱን ለመናገር ይህ ምክር ቀላልና ርካሽ ስለነበር ያን ዕለት ማታ ላደርገው ካቻቢቴ አንሥቼ ነበር።

ያዳነኝ 4ኛው መልስ ነው። የጻፉት በሕንፃ ኤሌክትሪክ ሥራ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ አንድ አባት ሲሆኑ፣ የ3ኛውን ምክር የሰጠው ሰው ጽሑፉን ወዲያውኑ እንዲያነሣ በቁጣ አዘዙ። ምክንያታቸውን እንዲህ አስረዱ፤ በአገራችን በብዛት የምንጠቀምበት ባለ ሁለት ክብ እግር ስፒና በየትኛውም አቅጣጫ ይገባልና፣ ዛሬ ኒውትራል የነበረው እግር ነገ ተገልብጦ ሲሰካ ፌዝ (ኮረንቲ የሚያመጣው መስመር) ይሆናል፤ በዚያች ቅጽበት የማሽኑ አካል በሙሉ 220 ቮልት ይለብሳል። ስፒናው ባይገለበጥ እንኳ፣ ከቆጣሪው ወዲህ ባለ አንድ ቦታ ላይ ኒውትራሉ ቢላቀቅ፣ በማሽኑ ውስጥ አልፎ የሚመጣው ኮረንቲ መመለሻ ሲያጣ በአካሉ ላይ ይቆያል፤ የሚነካውም ሰው መመለሻው ይሆናል። ፌዝ ያለበት ብረት በጓንት የተያዘ ብረት አይደለም፤ ጎንበስ ብሎ ማሽኑን የሚያነሣ ሰው በባዶ እጁ የሚጨብጠው ነው። ካቻቢቴውን ወደ ቦታው መለስሁት።

5ኛው መልስ፣ በእኔ አመለካከት፣ የውይይቱ ሁሉ ቁልፍ ነበር። በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ብየዳ የሚያስተምሩ መምህርት ናቸው የጻፉት። የችግራችን ሥር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም መጥራታችን መሆኑን አመለከቱ። በያጁ ኧርዝ የሚለው መቆንጠጫ የብየዳው ኮረንቲ ከኤሌክትሮዱ ወጥቶ፣ በብረቱ አልፎ፣ ወደ ማሽኑ የሚመለስበት መንገድ ነው፤ ሥራውም ብየዳውን ማስኬድ ብቻ ነው። የቤቱ ኧርዝ ግን በጤናው ቀን ምንም ኮረንቲ የማይሄድበት፣ የማሽኑን አካል ከመሬት ጋር የሚያገናኝና ውስጡ ያለ ሽቦ ተልጦ አካሉን የነካ ዕለት ብቻ የሚያገለግል ሽቦ ነው። በማሽኑ ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር የግድግዳውን 220 ቮልትና የብየዳውን ወገን ለይቶ ስለሚያስቀምጥ፣ መቆንጠጫው የቱንም ያህል አጥብቆ ቢይዝ ለማሽኑ አካል የሚያደርግለት አንዳች ጥበቃ የለም። መቆንጠጫውን የመመለሻ ገመድ እያልን ብንጠራው ግማሹ ስሕተት እንደሚቀር ሐሳብ አቀረቡ፤ እኔም ከዚህ በታች እንዲሁ እጠራዋለሁ።

በዚህ ጊዜ 6ኛው ተሳታፊ አንድ ተገቢ ጥያቄ አነሣ። ማሽኑ አዲስ ከሆነና ውስጡ የተላጠ ሽቦ ከሌለ ንዝረቱ ከየት መጣ? 7ኛው መልስ ይህን በዝርዝር አብራራ። ኢንቨርተር ማሽኖች የሚፈጥሩትን የኤሌክትሪክ ሁከት ለማጣራት፣ ከፌዙም ከኒውትራሉም ወደ ብረት አካሉ የተያያዙ፣ ካፓሲተር የሚባሉ ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች አሏቸው፤ ኧርዝ ሲኖር በእነርሱ በኩል የሚያልፈው እጅግ አነስተኛ ኮረንቲ ወደ መሬት ይሄዳል፤ ኧርዝ ሲጠፋ ግን አካሉ በሁለቱ መካከል ተንሳፍፎ በ110 ቮልት አካባቢ ይቆማል። ኮረንቲው በጣም ትንሽ ስለሆነ ራሱ ሰው አይገድልም። ሆኖም 1ኛው መልስ ሰጪ እንዳለው ችላ የሚባል ነገር አይደለም፤ ማሽኑ ኧርዝ እንደሌለው የሚናገርበት አፍ ነው፤ ደግሞም የዛሬው ቀላል ንዝረትና የተላጠ ሽቦ የሚያመጣው ገዳይ ንዝረት የሚለዩት ከተነኩ በኋላ ብቻ ነው።

8ኛው መልስ ሰጪ መፍትሔው ቀላል መሆኑን በመግለጽ፣ በግቢው እርጥብ ቦታ መዳብ የተለበጠ የ1.5 ሜትር ዘንግ ቀብሬ ዙሪያውን ከሰልና ጨው እንድሞላበት መከረኝ፤ ብዙዎችም አመሰገኑት። 9ኛው መልስ፣ ይኸውም የ4ኛው አባት ዳግም ጽሑፍ፣ ዘንጉ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን እንደማይበቃ በስሌት አሳየ። የተቀበረው ዘንግ ከአፈሩ ጋር ያለው ተቃውሞ 50 ኦም ቢሆን፣ 220 ቮልት ለ50 ሲካፈል ወደ መሬት የሚፈሰው 4.4 አምፔር ብቻ ነው፤ የ16 አምፔር ብሬከር ይህን እንደ ተራ ጭነት ቆጥሮ ዝም ይላል፤ የማሽኑ አካልም ኮረንቲ እንደ ለበሰ ይቆያል። ከዘንጉ ጋር መግባት ያለበት በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ አርሲዲ ነው። አርሲዲ በፌዝ የወጣውን በኒውትራል ከተመለሰው ጋር ያወዳድራል፤ ልዩነቱ እዚያ መጠን ሲደርስ ሰከንድ ሳይሞላ ይቆርጣል፤ በ50 ኦም ዘንግ ላይ 30 ሚሊ አምፔር ሲያልፍ በአካሉ ላይ የሚታየው ደግሞ 1.5 ቮልት ብቻ ነው። ጨውን በተመለከተ፣ የክረምቱ ዝናብ አጥቦ እንደሚወስደውና እስኪወስደውም ድረስ ዘንጉን እንደሚበላው አክለው፣ ከጨው ይልቅ ሁለተኛ ዘንግ መጨመር እንደሚሻል አስገነዘቡ።

ከዚህ በኋላ የውይይቱ መልክ ተለወጠ። በ10ኛው መልስ የመጀመሪያው ወጣት ተመለሰ፤ ተቆጥቶም ነበር። ወረቀት ላይ የሚያሰሉ ሰዎች ብረት በይደው እንጀራ የበሉ እንደማይመስሉት፣ እነርሱ የሚጠይቁትን ሁሉ የሚያሟላ ወርክሾፕ በከተማው ውስጥ እንደሌለ፣ ለአንድ በር ሥራ ይህን ሁሉ ወጪ ማዘዝ ድሀውን ከሙያው ማራቅ መሆኑን ጻፈ። ከንግግሩ ውስጥ እውነት ያለበት የመጨረሻው ክፍል ነው፤ አርሲዲና ዘንግ ገንዘብ ያስወጣሉ፤ ይህንንም መካድ አይገባም። 11ኛው መልስ ግን በእኩል ቁጣ ተነሣበት፤ ያልተነዘረ ሰው ምስክርነት የተነዘሩትን ሰዎች ምስክርነት እንደማይሽር፣ ኮረንቲ የያዘው ሰው ወደ መድረኩ መጥቶ የመጻፍ ዕድል እንደማያገኝ አሳሰበው። መምህርቷ በ12ኛው መልስ ሁለቱንም አረጋጉ፤ ወጣቱ የሚሠራበት ቦታ ባለቤቱ ሊያሟላለት የሚገባውን እንጂ እርሱ የጎደለበትን ነገር እየወቀሱ እንዳልሆነ ገልጸው፣ በመልቲሜትር የወርክሾፑን ሶኬት ከፌዝ ወደ ኧርዝ እግሩ ለክቶ ውጤቱን እንዲነግራቸው ጠየቁት።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄዬ የተመለሰው 13ኛው መልስ ነው። ማሽኑ 200 ይበል እንጂ፣ ለቀጭን ቱቦላሬ የምጠቀምበት 6013 የሚባለው ዓይነት የ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 90 አምፔር ይበቃዋል። በ80 አምፔር ሲበየድ የቅስቱ (በኤሌክትሮዱና በብረቱ መካከል የሚነደው ብልጭታ) ቮልቴጅ 23 ገደማ ስለሆነ ወደ ብረቱ የሚገባው ኃይል 1.9 ኪሎ ዋት አካባቢ ነው፤ የማሽኑ ብክነትና ርካሽ ኢንቨርተሮች ከመስመሩ ኮረንቲ የሚስቡበት የተቆራረጠ መንገድ ሲታከልበት ከግድግዳው የሚወሰደው 14 አምፔር ያህል ይሆናል። ስለዚህ በ2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ የተዘረጋ ጤናማ የ16 አምፔር መስመር፣ ምጣድ ወይም ሌላ ከባድ ነገር ካልተሰካበት፣ ለዚህ ሥራ ይችላል። በ3.2 ኤሌክትሮድ 120 አምፔር ከተፈለገ ግን ከግድግዳው ከ22 አምፔር በላይ ስለሚሳብ፣ ከቆጣሪው ሳጥን በቀጥታ የሚነሣ ባለ 4 ካሬና ከዚያ በላይ የሆነ የራሱ መስመር ያስፈልገዋል። ብሬከር ሲወድቅ በትልቅ ብሬከር መተካት፣ ሽቦው ሳይለወጥ፣ ግድግዳ ውስጥ እሳት መቅበር ነው።

ኤሌክትሮዴ የተጣበቀበት ምክንያትም በዚሁ ተገኘ። 30 ሜትር የሚሆን የ1.5 ካሬ ማራዘሚያ እንደ ተጠቀለለ ነበር የሰካሁት። የሽቦው ተቃውሞ ደርሶ መልስ 0.7 ኦም ያህል ነው፤ 15 አምፔር ሲያልፍበት ከ10 ቮልት በላይ ይጠፋል፤ 150 ዋት የሚበልጥ ሙቀትም በጥቅልሉ ውስጥ ይቀራል። 14ኛው መልስ ሰጪ እንዲህ ያለ ጥቅልል እርስ በርሱ ቀልጦ እንደተጣበቀበት ተረከ። ማራዘሚያ የግድ ከሆነ ወፍራም ይሁን፣ ሙሉ በሙሉ ይተርተር፤ ርቀትን ለመሸፈን የሚሻለው ግን የብየዳውን ገመዶች ማርዘም ነው ብሎ መከረ። የመመለሻው መቆንጠጫም ቀለምና ዝገቱ በግራይንደር በተፋቀ ቦታ፣ ለሚበየደው መገጣጠሚያ ቅርብ ሆኖ መያዝ አለበት። በሩ በማጠፊያው ላይ ተሰቅሎ ሳለ መቆንጠጫው ምሰሶው ላይ ከተያዘ፣ ኮረንቲው ሁሉ በማጠፊያው ውስጥ እያለፈ ያቃጥለዋል።

ቨርጂኒያ የሚኖር ወንድም በ15ኛው መልስ ለአጎቱ ማሽን ከአሜሪካ ይዞ ለመምጣት ማሰቡን ጽፎ ውይይቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው። በ16ኛው፣ በማሽኑ ታርጋ ላይ 120 ቮልት ብቻ የተጻፈበትን እንዳያመጣ፣ 120 እና 240 የሚሉትን ሁለቱንም የሚቀበል ኢንቨርተር ከሆነ በእኛ 220 ቮልት እንደሚሠራ፣ ኢንቨርተር ኮረንቲውን አስቀድሞ ወደ ቀጥተኛ ስለሚለውጠው የ50 እና የ60 ሄርዝ ልዩነት እንደማያሳስብ፣ ለ60 ሄርዝ የተሠራ ከባድ ትራንስፎርመር ግን እዚህ ከልክ በላይ ሊግል እንደሚችል ተመለሰለት። ማሽኑ ሳያርፍ ስለሚሠራበት ጊዜ፣ 60 ከመቶ ስለሚባለው የሥራ መጠንም፣ በዚያው ተነገረ፤ ከ10 ደቂቃ ውስጥ 6ቱን በይዶ 4ቱን ማሳረፍ ማለት ነው።

17ኛው መልስ ከአንዲት እናት ነበር። ባለቤታቸው ግቢ ውስጥ ሲበይድ የ7 ዓመት ልጃቸው በመስኮት ስታይ ቆይታ፣ ማታ ዓይኗ ውስጥ አሸዋ የተነሰነሰ ያህል እያለቀሰች እንዳደረች ጻፉ፤ ሰማያዊውን ብርሃን ዞር ብሎ ያላየ ሰው እንኳ በኖራ ከተቀባ ግድግዳ ተንጸባርቆ እንደሚያገኘው አላወቁም ነበር። 18ኛው ጥሬ ድንች ቆርጠው እንዲያሳርፉባት ወይም ወተት እንዲያንጠባጥቡላት መከራቸው። በ19ኛው የጻፈችው ነርስ ይህን ምክር በጠንካራ ቃል ተቃወመች። የዓይን ብሌን ሽፋን በአልትራቫዮሌት ጨረር ስለተቃጠለ ሕመሙ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ እንደሚጀምር፣ ብዙውን ጊዜም በአንድና በሁለት ቀን ራሱ እንደሚድን፣ በዚህ ጊዜ ድንችና ወተት የሚጨምሩት ጀርም ብቻ መሆኑን ገለጸች። ጨለማ ክፍል፣ በንጹሕ ውኃ የረጠበ ቀዝቃዛ ጨርቅ በተከደነ ዓይን ላይ፣ የሕመም ማስታገሻ፤ በ2 ቀን ካልተሻለ ወይም እይታ ከደበዘዘ ሐኪም ቤት። ከሁሉ በላይ ያስጠነቀቀችው ወዲያው ስለሚያደነዝዘው የዓይን ጠብታ ነው፤ ደጋግሞ ቤት ውስጥ ያደረገው ሰው ሕመሙ ጠፍቶለት ቁስሉ ግን እንዳይድን ያደርጋል። ለበያጁም የፀሐይ መነጽር ምትክ እንደማይሆን አክላ፣ ከ40 እስከ 80 አምፔር 10 ቁጥር፣ ከዚያ እስከ 175 አምፔር 11 ቁጥር መስታወት ያለው ማስክ እንዲደረግ ጻፈች። እኔ ያን ቀን ለጎረቤት ልጆች ስል በበሩ በኩል ወፍራም ሸራ ሰቀልሁ።

ስለ ጭስ የተባለው አጭር ነበር፤ ይሁን እንጂ ሊታለፍ አይገባውም። ለምሰሶነት ያሰብሁት አሮጌ የውኃ ቧንቧ ዚንክ የተለበጠ መሆኑን ስጠቅስ፣ 20ኛው መልስ ሰጪ እንዲህ ያለ ቧንቧ በዝግ ቤት በይዶ ሌሊቱን እንደ ወባ እንዳንቀጠቀጠው ተናገረ፤ ወተት ጠጥቶ መግባት ይከላከላል የሚለውን ልማድም አብሮ አነሣ። ነርሷ ወተት ሳንባ ውስጥ የገባን የዚንክ ጭስ እንደማያወጣ በለሰለሰ ቃል አስረዳችው። ልባሱን በግራይንደር ከመገጣጠሚያው ዙሪያ መፋቅ፣ ከቤት ውጭ መሥራት፣ ነፋሱ ጭሱን ከፊት ወደ ጎን እንዲወስደው ሆኖ መቆም ነው መከላከያው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 የብየዳን ጭስ ሰውን ለካንሰር ከሚያጋልጡት በመጀመሪያው ምድብ እንዳስገባውም ያስታወሰችን እርሷ ናት።

22ኛው ጽሑፍ ጥያቄ ነበር። ጸሐፊው ቤንዚን የነበረበት በርሜል በኦሞ አጥቦ፣ ለሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ ለውኃ ማጠራቀሚያነት ቧንቧ ሊበይድበት መሆኑን ገልጾ ስንት አምፔር እንደሚያስፈልገው ጠየቀ። በውይይቱ ሁሉ እንደ 23ኛው መልስ ያለ ብርቱ ቃል አልተጻፈም፤ እኔም አንዲት ቃል አልቀንስለትም። መልስ ሰጪው ማሽኑን እንዲያጠፋና በርሜሉን ከግቢው እንዲያወጣ ነገረው። ጋራዥ ውስጥ በወጣትነቱ ሳለ፣ ባዶ ነው የተባለ በርሜል ክዳን ከበያጁ ፊት ተነሥቶ ጣሪያውን ቀዶ ሲወጣ ማየቱን፣ ሰውየው ግን ዳግም ሥራ እንዳልጀመረ ተረከ። ሙሉ በርሜል ውስጥ አየር ስለሌለ ባዶው ከሙሉው ይብሳል፤ በስፌቱና በዝገቱ ውስጥ የተደበቀው ጥቂት ቤንዚን በሳሙና አይወጣም፤ የብየዳው ሙቀት ሲደርስበት ይተንናል፤ ያም ትነት ከአየር ጋር የሚቀላቀልበት የተዘጋ ብረት ቤት ከነእሳቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ሽታው መጥፋቱ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ናፍጣም ሲሞቅ እንዲሁ ነው። ደግሞስ ቤንዚን የነበረበት በርሜል ለሚጠጣ ውኃ እንዴት ይታሰባል? ጠያቂው በማግስቱ አመስግኖ በርሜሉን እንደተወው አሳወቀ።

የመጨረሻው፣ 24ኛው መልስ፣ ያ የመጀመሪያው ወጣት ያመጣው ነው። መምህርቷ እንዳዘዙት ሶኬቱን ሲለካ ከፌዝ ወደ ኧርዝ እግሩ ምንም ቮልቴጅ አለማግኘቱን፣ ማለትም ሶኬቱ ኧርዝ እንደሌለው፣ የወርክሾፑ ባለቤትም ከተነጋገሩ በኋላ አርሲዲ ለመግዛት መስማማቱን ጻፈ፤ የተገጠመውን አርሲዲ የመሞከሪያ ቁልፍ ሲጫነው ወዲያው ስለቆረጠ፣ እንግዲህ ኧርዙ ደኅና ነው ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። እኔ የጠየቅኋቸው ባለሙያ የነገሩኝን እዚሁ ልመልስለት። ቁልፉ የሚሞክረው በአርሲዲው ውስጥ ባለ ትንሽ ተቃውሞ በኩል ነው፤ ኧርዝ በሌለበት ቤትም ይቆርጣልና ስለ አርሲዲው እንጂ ስለ ዘንጉ አይመሰክርም። ዘንጉ በመለኪያ መሣሪያ መለካት አለበት። የእኔ ዘንግ ሐምሌ ውስጥ፣ መሬቱ በዝናብ ርሶ ሳለ፣ 38 ኦም ተለክቷል፤ በጋ ላይ አፈሩ ሲደርቅ ቁጥሩ ከፍ እንደሚል ስለተነገረኝ በጥር ወር እንደገና ለማስለካት ቀጠሮ ይዣለሁ።